የሻይ ሰካራም

ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር ያሉ ሐበሾች በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። የዕድሩ ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል ይኮራረፋሉ፣ የበዓል በሬ ከማን ይገዛ ሲባል ይጣላሉ። ኃይለመለኮት ግዛው ሰካራም መሆኑን ግን የሚጠራጠር አልነበረም። እንዲያውም ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን ለማቀራረብ የሱን ወሬ ማንሳት ጥሩ መንገድ ነው። «ቅዳሜ ለት ደግሞ ኃይሌ ምን ሆነ መሰለህ» ተብሎ ይጀመርና በሳቅ ያልቃል።

የሚያስተዳድራት ማረፊያ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በቆርቆሮ አጥር የታጠረች ናት። ከኮንቴይነር የተሠሩ ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከጀርባ ደግሞ ሲሠራም ሲበላሽም የሚጮህ ጄኔሬተር አሏት። ከባንኮኒው ኋላ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ የውስኪ ጠርሙስ የሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ያወርደዋል፣ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ ይጎነጫል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሻይ ነው።

ማለዳ ማንም ሳይነሳ ራሱ ያፈላዋል፤ ቀለሙ እንዳይጠቁር ቀጠን አድርጎ። ስኳር አይጨምርበትም፤ ስኳር ዝንብ ይሰበስባል፣ ዝንብ የሚወረው ውስኪ ደግሞ ያስጠረጥራል። ይህን የተማረው ድሮ ጉለሌ ግሮሰሪ በነበረው ጊዜ ነው። እውነተኛውን ውስኪ ኮሌታው ላይ ጠብ ያደርገዋል እንጂ ወደ አፉ አያስጠጋውም። ኃይለመለኮት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቢራ ቀምሷል፤ መረረው፣ ተወው።

ለመስከር የመደበው ቀን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደንበኛው ሞልቶ ሳለ ከባንኮኒው ወጥቶ እስከ ማንጎው ይንገዳገዳል፣ የአንዱን ትከሻ ይደገፋል፣ አንድ ነገር ይጥላል፣ ከዚያ ተደግፎ ወደ መኝታው ይገባል። በሌላው ቀን ብርጭቆውን ይይዛል እንጂ አይንገዳገድም፤ ሥራ አለበት። ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሰካራም ሲሆኑ ማንም ምክር አይጠይቅም፣ ዋስ ሁነኝም አይልም።

ይህን ብልሃት ያወረሱት አባቱ ናቸው። አቶ ግዛው አንኮበር አካባቢ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ቤት ዕድሜ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ እግር ይከዳል። መጀመሪያ መንገዳገድ ይመጣል፤ ቀጥሎ ምላስ ይተሳሰራል፤ ከዚያ እጅ ኩባያ ከአፍ ማድረስ ያቅተዋል፤ በመጨረሻ አልጋ ነው። ልቡና ግን አይነካም። ሰውየው ሁሉን እየሰማና ሁሉን እያወቀ ተኝቶ ይቀራል። ከአንድ ቤት ልጆች ግማሹን ያህል ይይዛል፣ ግማሹን ይተዋል፤ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ አይታወቅም።

ባገሩ ደንብ ደግሞ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል፤ እግረ መንገዱን ግን ቁምጥና ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቡዳ የሚታማ ቤት ሁሉ ይጣራል። «ዘራቸውን የሚያሽመደምድ ነገር አለ» የተባለ ቤት ልጁ ቆሞ ይቀራል። «ይጠጣሉ» ሲባል ግን ሽማግሌዎቹ ፈገግ ይሉና «ሲያገባ ይተወዋል» ብለው ያልፉታል። ይህን ያስተዋሉት የኃይለመለኮት አያት ናቸው። እግራቸው መክዳት ሲጀምር የአረቄ ዋንጫ ከእጃቸው የማይለይ ሆነ። ቤቱ የሰካራሞቹ ቤት ተባለ፤ ልጆቹም አንድ ሳይቀር በወግ በማዕረግ ተዳሩ።

አቶ ግዛው ነገሩን አሻሻሉት። አባታቸው ዋንጫውን ያነሱት በሽታው ከጀመረ በኋላ ስለነበር «በስተርጅና ደግሞ ምን መጠጥ አመጣ?» ያለ ሰው አልጠፋም። ስለዚህ ኃይለመለኮትን ሊድሩት ሲሰናዱ ለብቻው ጠርተው «ከአሁኑ ጀምር» አሉት። «ሲመጣ ድንገት እንዳይሆንብህ። ካልመጣም ምንም አልጎደለብህም፤ አምላክ ረድቶት ተወ ትባላለህ።»

ኃይለመለኮት «እሺ አባባ» አለ። አባት ሲናገር ሌላ መልስ አልተማረም። በሰርጉ ለት ጠጅ በሚመስል ብርዝ ሰከረ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እሱ ብቅል ስለማይቀምስ ምስጢሩን የሚያወጣው አልተገኘም። ሃያ ምናምን ዓመት ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሐበሻው ሁሉ ወደ ጁባ ሲጎርፍ ጁባ።

የዚህን ሁሉ ዋጋ የከፈለችው ሚስቱ ሒሩት ናት። ሰካራም እንደምታገባ አውቃ ነው የገባችው፤ የምትመልሰው መስሏት ነበር። ስለት ተሳለች፣ አስጸለየች፣ የንስሐ አባቱን አስመከረች። ጁባ ከመጡ ወዲህ ደግሞ ልጃቸው ማርቲ አየር መንገድ ቢሮ ትኬት ቆራጭ ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሁሉ ጠበል በጄሪካን ታስመጣለች። የኤርፖርቱ ጉምሩክ ጄሪካኑን እያንኳኳ «ዴ ሹኑ?» ይላታል፤ ምንድን ነው ማለቱ ነው። «ሞያ» ትላለች ማርቲ። ውሃ። ጉምሩኩ ዓባይ ወደሚፈስበት አቅጣጫ በአገጩ እያሳየ «ሞያ ፊ ጁባ ማፊ?» ይላል። ጁባ ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ጥሩ መልስ አልተገኘለትም።

ኃይለመለኮት ጠበሉን በባዶ ሆዱ ይጠጣል፤ ሒሩት በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ትጸልያለች። ያን ጊዜ ያፍራል። ሴትየዋን ይወዳታል፣ ጸሎቷም ሲባክን ያየዋል፤ ግን ደግሞ ማርቲ ያልተዳረች ልጅ ናት። ስለዚህ ጠበሉን ይጨልጥና ቅዳሜ ይሰክራል።

ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ዶክተር ሩሃማ እንድሪያስ የምትባል ሴት ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር መጣች። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። ማንጎው ሥር ተቀምጣ አቧራዋን አራገፈችና «የላኩኝ እህትዎ ወይዘሮ አስረሳሽ ናቸው» አለችው።

አስረሳሽ ታናሹ ናት። እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ይህን ኃይለመለኮት ያውቃል፤ ያላወቀው እህቱ ሆስፒታል ሄዳ የቤቱን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ መናገሯን ነው።

«እንዴት ተናገረች?» አለ።

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ወንዶቹ ሰካራም ይባላሉ፤ ሴት ልጅ ሰካራም ነኝ ብላ ምን ትሆናለች?› አሉኝ። ‹እኛ ጓዳ ተቆልፎብን ነው የምንሞተው። እኔ ጓዳ ውስጥ አልሞትም› አሉ።»

ኃይለመለኮት አክስቶቹን አሰበ። ሁለቱን በልጅነቱ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዶክተሯ የመጣችበትን አስረዳች። በሽታው በዘር የሚወርድ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ ይበላል። መድኃኒት የለውም። የሚሞክሩ አሉ፤ ችግሩ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ሰውየው እስኪወድቅ ሃያ ዓመት መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሰው መንገዳገድ ከመጀመሩ በፊት በደሙ፣ በአረማመዱ፣ በአነጋገሩ ውስጥ አስቀድሞ ብቅ የሚል ምልክት እየፈለጉ ነው። ባዮማርከር ይሉታል።

«ዝናብ ሳይመጣ እንደሚነሳው ነፋስ» አለች፣ ቆርቆሮውን የሚያንኳኳውን አቧራ እያየች። «ለዚህ የዚህ ቤተሰብ ሰዎች ያስፈልጉናል፤ የያዛቸውም ያልያዛቸውም። እርስዎ ውስጥ ይኑር አይኑር ካልፈለጉ አንነግርዎትም። እንዲህ ነው ደንቡ።»

«ለእኔ ይደርሳል መድኃኒቱ?»

«አይመስለኝም።»

«ለልጄስ?»

«ለልጅዎ ሊደርስ ይችላል። ሊደርስ ይችላል ነው ያልኩት።»

ኃይለመለኮት እምብዛም አላሰበም። ማርቲ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ያን ጠዋት ጫማዋን በአንድ እግሯ ቆማ ስታጠልቅ አይቷታል፤ እሱ ይህን ከተወው ከርሟል። «ደሜን ውሰዱ» አለ። «ልጄ ግን እንዳትሰማ።»

«አንድ ችግር አለ» አለች ዶክተሯ። ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። «ብዙ የሚጠጣ ሰው ጥናቱ ውስጥ አይገባም። መጠጥም ያንኑ የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ የትኛው የበሽታው፣ የትኛው የመጠጡ እንደሆነ መለየት አንችልም። እኔ ደግሞ እዚህ ስመጣ ቦዳ የነዳው ልጅ የእርስዎን ስም ስጠራለት ሳቀ።»

«አልጠጣም» አለ ኃይለመለኮት።

ዶክተሯ ከሰካራም ጋር ለመነጋገር የሰለጠነ ሰው በሚያሳየው ትዕግሥት አየችው። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አለች በትሕትና። «አብሮዎት የሚኖር ሰው ቢመሰክር ጥሩ ነው።»

እንግዲህ ማንን ያምጣ? ቤት ሄዶ ሒሩትን «የጤና ጥናት አለ፤ ባሌ አይጠጣም በይልኝ» አላት። ስለ በሽታው አልነገራትም። ሒሩት ምስር ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«እኔ ለሐኪም አልዋሽም» አለች። «ይልቅስ ሄጄ እውነቱን ልንገራት፣ ታክምህ እንደሆን።»

ዶክተሯ ኒምራ ታላታ ሰፈር ካለ አንድ የግል ክሊኒክ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። መጀመሪያ ደሙን ቀዳች። ከዚያ ወገቡ ላይ ትንሽ መሣሪያ አሰረችና በተሰመረ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ አስኬደችው፤ ጣቱን ከአፍንጫው ወደ ጣቷ አስመላለሰችው፤ ፓ-ታ-ካ፣ ፓ-ታ-ካ አስባለችው። በትልቅ ሰውነቱ ፓ-ታ-ካ ሲል ትንሽ አፈረ። የጻፈችውን አላሳየችውም። ከዚያ ውጭ እንዲጠብቅ ነገረችውና ሒሩትን አስገባች። የክሊኒኩ ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኃይለመለኮት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሁሉን ሰማ።

«ይጠጣሉ?» አለች ዶክተሯ።

«ሳገባውም ይጠጣ ነበር፣ ዛሬም ይጠጣል» አለች ሒሩት።

«ምን ያህል ጊዜ ይሰክራሉ?»

«ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜን ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ቀን አይመርጥም።»

ኃይለመለኮት ቀና አለ።

«ማክሰኞ ለት የውሃ ጄሪካን ይዞ ሲገባ ተንገዳግዶ በሩን ያዘ» አለች ሒሩት። «ሐሙስ ደግሞ ከቡሉክ ገበያ ስንመጣ ፊት ፊቴ ይሄድ ነበር፤ እግሩን ዘርዘር አድርጎ፣ እንደ መርከበኛ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ምኑን ጠጥቶ ነው ብዬ አልጋው ሥር ጠርሙስ ፈለግኩ። የለም። ቃልም ይጎትታል። ስልክ ሲያወራ ሰዎች ‹ሰክረሃል ወይ› ይሉታል፣ ገና ቁርስ ሳይበላ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና ወዲህ ብሶበታል።»

ኃይለመለኮት ማክሰኞ ለመስከር አስቦ አያውቅም። ያን ለት ወለሉ እርጥብ ነው ብሎ ነበር ለራሱ። የቡሉኩን በአዲሱ ጫማ፣ የጠዋቱን በፍራሹ፣ የስልኩን በኔትወርኩ አሳቦ አልፎታል። ለየብቻቸው ሲመጡ ለሁሉም መልስ ነበረው። ሒሩት አሰልፋ ስትቆጥራቸው ግን መልሱ አለቀበት። ዶክተሯ ካልፈለጉ አንነግርዎትም ያለችው ነገር በሚስቱ አንደበት፣ በስስ ግድግዳ በኩል፣ መጠጥ ተብሎ ተነገረው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለው ነበር።

ሒሩት ስትወጣ ዓይኑን አየችና ያስቀየመችው መሰላት። «ለአንተ ብዬ ነው» አለችው። «አውቃለሁ» አላት።

ዶክተሯ ለብቻው አስገብታ «ባለቤትዎ ሐቀኛ ናቸው» አለች። «ላስገባዎት አልችልም።»

«ደሙን እዪው» አለ። «ሰው መጠጣቱን ደም አይናገርም?»

ይናገራል። ያለፉትን ሳምንታት መጠጥ የሚያሳይ ምርመራ አለ፤ ጉበትም ይመሰክራል። ዶክተሯ ሰውየው እንዲህ ድርቅ ማለቱ ስለገረማት እሺ አለች። የክሊኒኩ መብራት በመጥፋቱ የደሙ ሣጥን እስከ በረራው እሱ ማረፊያ ፍሪጅ ውስጥ ከቢራው ጎን አደረ። ቀዝቃዛ ቢራ ፍለጋ እጁን የሰደደ አንድ ደንበኛ ሣጥኑን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ኃይለመለኮት «አይሸጥም» አለው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አቶ ኃይለመለኮት፣ ሁለት ጊዜ አስመረመርኩት። አንድ ጠብታ የለም። ጉበትዎ የሕፃን ጉበት ነው።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የሚያየው ጠርሙስ?»

ነገራት። አያቱን፣ አባቱን፣ ብርዙን፣ ሻዩን። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ» አለ።

«አለሁ» አለች። «እያሰብኩ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአጎትዎን ልጆች ሦስቱን በመጠጥ ምክንያት ከጥናቱ አስወጥቻለሁ።»

«ማን ማንን?»

ስማቸውን ነገረችው። ኃይለመለኮት አሰበና «ጌታቸው እንኳ በእርግጥም ይጠጣል» አለ። «ሌሎቹን አላውቅም።»

«ተመልሼ ጠርሙሳቸውን ላሽት ነው» አለች ዶክተሯ። የሳቀች መስሎት ነበር፤ አልሳቀችም። ቀጥላ ጥናቱ ውስጥ መግባቱን ነገረችው። «ልጅዎም ብትፈልግ መግባት ትችላለች፤ ያልታመሙ ወጣቶች ናቸው በይበልጥ የሚያስፈልጉን። መጀመሪያ ግን ማወቅ አለባት። የምነግራት እኔ አይደለሁም።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርዶ ጓዳ ገባ። ሒሩት የቀኑን ዕቃ ታጥብ ነበር። በብርጭቆ ቀድቶ ሰጣት። «ቅመሽው» አለ።

ሒሩት በጎሪጥ አየችውና ከንፈሯን አስነካች። አሁንም ቀመሰች። «ሻይ ነው» አለች። «ስኳር የለውም።»

«ጠጥቼ አላውቅም።»

«ሰርጋችን ለት?»

«ብርዝ።»

«የማርቲ ክርስትና ለት? ከአጥሩ ላይ የወደቅከው?»

«አስቤበት ነው።»

«እግርህ ተሰብሮ ነበር እኮ።»

«መሰበሩ አልታሰበም።»

ሒሩት እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ ደርቋል፣ ደግማ ጠረገችው። ከዚያ ቁጣው መጣ። የፈራውን ያህል አልጮኸችም፤ ምነው በጮኸች የሚያሰኝ ነበር። «ሃያ አምስት ዓመት አለቀስኩ» አለች። «ጠበሉን ከአዲስ አበባ እስከ ጁባ አስጫንኩ። ሰው ‹ያቺ ሰካራም ያገባችው› እያለ ሲያዝንልኝ ኖርኩ። ለምን ብለህ ነው?»

ነገራት። ስለ አክስቶቹም ጭምር ነገራት። ሲጨርስ ሒሩት ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ አንድ ነገር ትዝ ብሏት ከደነችው።

«ማክሰኞ ለትስ?» አለች ቀስ ብላ። «ሐሙስስ?»

ኃይለመለኮት ወደ እግሩ አየ።

ሒሩት ጄሪካኑ ላይ ተቀመጠች። «ሰካራም ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። እጁን ሳበችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በሁለት እጇ ሸፈነችው። በመጨረሻ «ለልጅቷ ንገራት» አለች።

«ማን ያገባታል?»

«አንተን አግብቼህ የለም?»

«አታውቂማ ነበር።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ» አለች ሒሩት። «ብትነግረኝም አገባህ ነበር። ንገራት። እኔ ከነገርኳት ግን አንተ ዋሽተህ ትቀራለህ።»

ሁለት ጊዜ ለማርቲ ሊነግራት ሞከረ። አንድ ጊዜ ደንበኛ መጣ፤ አንድ ጊዜ ማንም አልመጣም፣ ግን አልነገራትም። ሻዩን ማፍላት ተወ። ጠርሙሱ ባዶውን መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ ሰዉም ኃይሌ ጨርሶ ጠጥቶታል አለ።

አንድ ቀን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥብስ በሳህን ይዞ ወደ ማንጎው ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ጉምሩክ የሚሠራው ስምኦን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ስምኦን ኑዌር ነው፣ አዲስ አበባ ያደገ፤ አማርኛውም ተረቡም የዚያው ነው። ኃይለመለኮት ደረጃውን ሲወርድ ግራ እግሩ የሌለ ደረጃ ረገጠ። ሳህኑ ሄደ፣ ጥብሱ ሄደ፣ እሱም ተከትሎ ሄዶ የማንጎውን ግንድ አቅፎ ቆመ።

«ጋሼ ኃይሌ ዛሬ ቀደም አልክ» አለ ስምኦን። «ገና ረቡዕ ነው እኮ።»

ኃይለመለኮት ለዚህ ቀልድ ድሮ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። አፉ ላይ መጣለት። ዋጠውና «አልጠጣሁም» አለ። ቃሉ ተጎተተበት።

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። «ታማም ጋሼ፣ ልክ ነህ» አለ ስምኦን፣ የፊቱን የቢራ ጠርሙሶች እየጠቆመ። «እኛም አልጠጣንም።» ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት እውነት ተናገረ፤ የተናገረውም ሰካራም ሁሉ የሚናገረውን ሆነ። ደግሞ ሊናገር አሰበና ተወው።

ማርቲ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። የአየር መንገዱን የደንብ ልብስ እንደለበሰች መጥታ ሳህኑን አነሳች፣ በሌላ እጇ አባቷን ደግፋ ከኮንቴይነሩ ጀርባ ወስዳ አስቀመጠችው። እሷም አጠገቡ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «አለመጠጣትህን አውቃለሁ።»

«እናትሽ ነገረችሽ?»

«ልጅ ሆኜ ነው ያወቅኩት። ጉለሌ ግሮሰሪው ውስጥ ተደብቄ ከጠርሙስህ ጠጣሁ። ልሰክር ፈልጌ ነበር። ሻይ ሆነብኝ።»

ኃይለመለኮት ወደ እሷ ዞረ። «ታዲያ ያን ሁሉ ጠበል ስታስመጪ?»

«ጠበል ምን ይጎዳል? እማዬም ደስ ይላታል» አለች። «አንተም ምክንያት ይኖርሃል ብዬ ነው። ሰዉ እንዲተውህ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ስትንገዳገድ እስቃለሁ፤ ጎበዝ ነህ። ከገና ወዲህ ያለው ነው ያልገባኝ። ማንም በሌለበት ትንገዳገዳለህ። ባለፈው ግቢው ባዶ ሆኖ በመስኮት አየሁህ። ለማን ብለህ ነው?»

ያኔ ነገራት። አያቱን፣ አባቱን፣ ጓዳ ውስጥ የነበሩትን አክስቶቹን፣ አስረሳሽን፣ የዶክተሯን ጥናት። ምላሱ ስለሚያዝ ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው፤ ማርቲ ቃል አላቀበለችውም፣ እስኪያገኘው ጠበቀችው። ጨረሰ። እሷም የአየር መንገዱን መታወቂያ አንገቷ ላይ እያሽከረከረች ቆየች።

«እኔስ?» አለች።

ይህችን ጥያቄ ላለመመለስ ነበር ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሲሰክር የኖረው።

«እኩል በእኩል ነው» አላት። «ሊኖርብሽም ላይኖርብሽም ይችላል። እኔ አላውቅም ልጄ።»

ማርቲ አየችው። እሱም ዓይኑን አልሸሸም። ከማንጎው ሥር ስምኦን «ሐበሻ! ቢራ ማፊ?» እያለ ይጣራል። ማርቲ «መጣሁ» አለች፤ ግን አልተነሳችም።